ያረጁ የሂሳብና የቢሮ ሶፍትዌሮች ድንገተኛ መቋረጥ፦ መረጃን የሚያስቀድም የምርመራ ቅደም ተከተል

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ዕድሜው የገፋ የሂሳብ ሶፍትዌር በድንገት ሲቋረጥ በብዙ ጽሕፈት ቤቶች የሚወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። ይህ ጽሑፍ እርምጃው በቅደም ተከተሉ መጨረሻ ላይ ሊቀመጥ የሚገባው መሆኑን ይከራከራል። መቋረጡ የሚታየው በፕሮግራሙ መስኮት ላይ ቢሆንም መነሻው ብዙውን ጊዜ በዳታቤዙ አገልግሎት፣ በፈቃድ አሰጣጥ፣ በፕሪንተር ወይም በኤሌክትሪክ ኃይል ላይ ነው። ከዚህ በመነሣት ጽሑፉ ለጥገና ሠራተኞችና ለኦዲተሮች የሚያገለግል ባለ አምስት ደረጃ የምርመራ መንገድ ያቀርባል። የመንገዱ ዋና መርህ ሂሳቡ ከሶፍትዌሩ፣ ማስረጃውም ከጥገናው መቅደም አለበት የሚል ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ፒችትሪ፣ የሂሳብ መዝገብ፣ የዳታ ጉዳት፣ የበጀት ዓመት፣ ተጠያቂነት

መግቢያ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በየካ ክፍለ ከተማ እንዳሉት እንደ ሌሎቹ መንደሮች ሁሉ፣ ትምህርት ቤቶች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የሕክምና ተቋማትና አነስተኛ ድርጅቶች ይገኛሉ። የእነዚህን መሰል ተቋማት ሂሳብ የሚያዘው በአብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ነው። በኢትዮጵያ በዚህ ደረጃ ካሉ ሶፍትዌሮች ሁሉ በስፋት የታወቀው ፒችትሪ ነው፤ በኮሌጆችና በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ሲሰጥ ስለኖረ ለብዙ የሂሳብ ሠራተኞች «ፒችትሪ መቻል» ማለት በኮምፒውተር ሂሳብ መያዝን መቻል ማለት ሆኗል።

ፒችትሪ በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት በአትላንታ ከተማ የተመሠረተ ኩባንያ ሥራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር ይፋ ሲደረግ አብረው ከቀረቡት የንግድ ሶፍትዌሮች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የእንግሊዙ ሴጅ ኩባንያ ገዛው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ስያሜው ተለውጦ ሴጅ 50 ተባለ። በአገር ውስጥ ግን የ2010 ዕትምና ከዚያ የቀደሙት ዕትሞች በቀድሞ ስማቸው ሲሠራባቸው ቆይቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒና ለኦፊስ 2003 የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014፣ ለዊንዶውስ 7 ጥር 14 ቀን 2020፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቋርጧል። ስለዚህ ያረጀ የሂሳብ ፕሮግራም ለእርሱ ባልተሠራ አዲስ ሥርዓተ ክወና ላይ፣ ወይም ጥበቃው በተቋረጠ አሮጌ ሥርዓተ ክወና ላይ ከመሥራት በቀር ሌላ ምርጫ የለውም።

ችግሩ የቴክኒክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጥገና ባለሙያው መተው በተቻለ ነበር። ነገር ግን ፕሮግራሙ ወድቆ ሲነሣ ቁጥሮቹ እንደ ነበሩ ላይገኙ ይችላሉ። በዚያን ጊዜ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማሽኑ ምን ሆነ?» ሳይሆን «ገንዘቡ የት ገባ?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚያርፈውም በሂሳብ ሠራተኛው ወይም በገንዘብ ያዧ ላይ ነው።

የሚወድቀው የትኛው ክፍል ነው?

ተጠቃሚው አንድ ፕሮግራም ብሎ የሚጠራው ነገር በውስጡ ቢያንስ አራት ንብርብሮች አሉት። የመጀመሪያው በመስኮቱ ላይ የሚታየው ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው መዝገቡን የሚያነብና የሚጽፍ የዳታቤዝ አገልግሎት ሲሆን በፒችትሪ ይህ ሥራ የተሰጠው ቀድሞ ቢትሪቭ፣ በኋላም ፐርቬሲቭ ለተባለው ሥርዓት ነው። ሦስተኛው የዳታ ፋይሎቹ ናቸው፤ የሂሳብ መደቦች፣ ደንበኞች፣ አቅራቢዎች፣ የግብይት ራሶችና የግብይት ዝርዝሮች በየራሳቸው ፋይል ይቀመጣሉ። አራተኛው ፕሮግራሙ የሚደገፍባቸው የዊንዶውስ አካላት፣ ማለትም የተጠቃሚ ፈቃድ፣ የፕሪንተር ሾፌር፣ የቀን አቀማመጥና ኔትወርክ ናቸው።

ይህን ልዩነት የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። ፕሮግራሙ ገና ሲከፈት «መጀመር አልተቻለም፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሡ» የሚል መልእክት ቢመጣ ተጠርጣሪው የዳታቤዙ አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ ከኮምፒውተሩ ጋር አልተነሣም፣ በጸረ ቫይረስ ታግዷል ወይም ከአዲሱ ሥርዓተ ክወና ጋር አልተስማማም ማለት ነው። ፕሮግራሙ ተከፍቶ የድርጅቱን መዝገብ ሲከፍት የሚወድቅ ከሆነ ዳታው ወይም ፈቃዱ ይመረመራል። ሁሉም ነገር ሠርቶ ሪፖርት ሲታይ ወይም ሲታተም ብቻ የሚቋረጥ ከሆነ የዳታ ፋይሎቹን ከመንካት በፊት ሌላ ፕሪንተር ቀዳሚ አድርጎ መሞከር ይገባል።

ዳታቤዙ የሚሰጣቸው የሁኔታ ቁጥሮችም ትርጉም አላቸው። ቁጥር 2 ፋይሉን በማንበብ ወይም በመጻፍ ላይ ስሕተት መድረሱን ያመለክታል፤ የፋይል ጉዳት ሊሆን ይችላል። ቁጥር 12 ፋይሉ በተነገረው ቦታ አለመገኘቱን፣ ቁጥር 18 ዲስኩ መሙላቱን፣ ቁጥር 20 አገልግሎቱ አለመነሣቱን፣ ቁጥር 46 ፋይሉን ለመድረስ መከልከሉን፣ ቁጥር 85 ፋይሉ በሌላ ተጠቃሚ መያዙን፣ ቁጥር 161 የተፈቀደው የተጠቃሚ ብዛት ማለቁን ይናገራሉ። ከእነዚህ ሁሉ የዳታ ጉዳትን በቀጥታ የሚያስጠረጥረው ቁጥር 2 ብቻ ነው። የቀሩት መዝገቡ ደኅና ሆኖ መንገዱ የተዘጋባቸው ሁኔታዎች ናቸው። ሆኖም ለተጠቃሚው ሁሉም «ፒችትሪው ተበላሸ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቃለላሉ።

ዊንዶውስ ራሱም ምስክርነት ይሰጣል። በሁነት መመልከቻው ውስጥ ቁጥር 1000 የሆነው የፕሮግራም ስሕተት መዝገብ የወደቀውን ፕሮግራም ስምና የወደቀበትን ሞጁል ስም ለይቶ ያስቀምጣል። ሞጁሉ የፕሪንተር ሾፌር ከሆነ ምርመራው ወደ ፕሪንተሩ፣ የዳታቤዙ ደንበኛ ከሆነ ወደ አገልግሎቱ ያመራል። ይህን መዝገብ ለማንበብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ፕሮግራሙን እንደገና ለመጫን ግን ግማሽ ቀን ይወስዳል።

አካባቢያዊ መንስኤዎች

በአገራችን ሁኔታ ሦስት ነገሮች ልዩ ትኩረት ይሻሉ።

የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ኃይል ሲቋረጥ የሚጎዳው በዚያ ቅጽበት በመጻፍ ላይ የነበረው ነገር ነው። አንድ የክፍያ ማዘዣ ሲመዘገብ ራሱ በአንድ ፋይል፣ ዴቢትና ክሬዲት ዝርዝሮቹ በሌላ ፋይል ይሰፍራሉ። ኃይሉ በመካከል ከተቋረጠ ራስ ያለው ዝርዝር የሌለው ግብይት ሊቀር ይችላል። ወደ 3,200 ሜትር ገደማ በሚደርሰው በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የክረምቱ መብረቅና ነጎድጓድ የሚበረታው የበጀት ዓመቱ ተዘግቶ አዲሱ በሚከፈትበት በሰኔና በሐምሌ ወር መሆኑ አደጋውን ያከብደዋል። ለአሥር ደቂቃ የሚያቆይ አነስተኛ ዩፒኤስ ሥራን ለመቀጠል ሳይሆን ፕሮግራሙን በሥርዓት ለመዝጋት ይበቃል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ይህም ሁልጊዜ እንደ አውሮፓውያን ሐምሌ 8 ቀን ላይ ይውላል። ፒችትሪ ከወር መባቻ ጋር የማይገጥሙ ክፍለ ጊዜዎችን ስለሚቀበልና በዓመት እስከ 13 ክፍለ ጊዜ ስለሚፈቅድ ጳጉሜንን ለብቻዋ ማቆምም ሆነ ከነሐሴ ጋር ማዋሐድ ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የዋለው እንደ ተለመደው መስከረም 11 ሳይሆን እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2023 ነበር፤ የአንድ ቀኑ መዛነፍም እስከ የካቲት ወር ይዘልቃል። የክፍለ ጊዜዎቹ ቀኖች ካለፈው ዓመት እንዳሉ ከተገለበጡ የመስከረም 30 ግብይት ወደ ጥቅምት ይገባል። መስከረም 30 ደመወዝ የሚከፈልበት የወር መጨረሻ በመሆኑ የሁለቱ ወሮች ሪፖርት በአንድ ጊዜ ይዛባል። ይህ የሶፍትዌር መውደቅ አይደለም፤ ነገር ግን በቅርቡ ፕሮግራሙ ወድቆ ከነበረ ጥፋቱ ሁሉ በእርሱ ይላከካል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ባለቀ ኮምፒውተር ላይ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስም ተመሳሳይ ውዥንብር ይፈጠራል።

ሦስተኛው ፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዕትም ነው። ከዚያ በፊት የተዘጋጁ የአማርኛ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት የኮድ ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በእነዚህ ፎንቶች የተጻፈ የደመወዝ ሠንጠረዥ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ጽሑፍ ይመስላል፤ ፋይሉ ግን ደኅና ነው፤ ፎንቱ ሲጫን ይመለሳል። ተቃራኒው ሁኔታ የከፋ ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ የአማርኛ ስም ዩኒኮድ በማያውቅ አሮጌ ፕሮግራም ውስጥ ሲለጠፍ ፊደሎቹ በጥያቄ ምልክት ይተካሉ። አንዴ በዚህ መልክ ከተቀመጠ ስሙ ጠፍቷል፤ ከዋናው ሰነድ በቀር የሚመልሰው የለም።

በአምስት ደረጃ የሚከናወን ምርመራ

አንደኛ፣ ማስቆምና መቅዳት። መልእክቱ ቃል በቃል ይጻፋል ወይም ፎቶ ይነሣል። ሁሉም ተጠቃሚዎች ይወጣሉ፤ የዳታቤዙ አገልግሎት እንዲቆም ይደረጋል፤ ከዚያ የድርጅቱ የዳታ ማኅደር በሙሉ ወደ ውጫዊ ዲስክ ይቀዳል። አገልግሎቱ ሳይቆም የተቀዳ ፋይል ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ሊሆን ስለሚችል አስተማማኝ አይደለም። በዚህ ጊዜ የቆየውን መጠባበቂያ ቅጂ በሥራ ላይ ባለው ዳታ ላይ መመለስ ፈጽሞ አይገባም፤ ከቅጂው በኋላ የተመዘገበውን ሁሉ ይደመስሳልና።

ሁለተኛ፣ መመደብ። መውደቁ የደረሰው ፕሮግራሙ ሲከፈት፣ መዝገቡ ሲከፈት፣ ግብይት ሲቀመጥ፣ ሪፖርት ሲወጣ ወይስ ዓመቱ ሲዘጋ እንደ ሆነ ተለይቶ ይመዘገባል።

ሦስተኛ፣ መነጠል። ፒችትሪ ለልምምድ የሚሆን ቤልዌዘር የተባለ የናሙና ድርጅት ዳታ ይዞ ይመጣል። የናሙናው ዳታ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፤ የድርጅቱ ዳታ ቅጂ ደግሞ በሌላ ደኅና ኮምፒውተር ላይ ይሞከራል። ናሙናው ሠርቶ የድርጅቱ ዳታ በሁለቱም ማሽን ላይ ቢወድቅ ጉዳቱ በዳታው ውስጥ ነው። ናሙናውም በዚያው ማሽን ቢወድቅ፣ የድርጅቱ ዳታ ግን በሌላው ቢሠራ፣ ጉዳቱ በማሽኑ ላይ ነው። ሁለቱም ዳታዎች በሁለቱም ማሽኖች ከሠሩ ቀሪው ጥርጣሬ ወደ ፈቃድና ወደ ኔትወርክ ያመራል። ይህ ቀላል ሙከራ ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ ከሚጠቀሙበት የማነጻጸሪያ ናሙና የተለየ አይደለም።

አራተኛ፣ መጠገን። ጥገናው ሁልጊዜ በቅጂው ላይ ይጀመራል። በቅድሚያ ሊቀለበሱ የሚችሉ እርምጃዎች ይወሰዳሉ፤ አገልግሎቱን ማስነሣት፣ ፕሪንተር መቀየር፣ ፈቃድ ማስተካከል። ቀጥሎ የፕሮግራሙ የዳታ ማረጋገጫ መሣሪያ በቅጂው ላይ ይሠራል። እንደገና መጫን የመጨረሻው ነው። የመጫኛው ፕሮግራም ባለ 16 ቢት ከሆነ በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ጨርሶ አይነሣም። በዚህ ጊዜ የሚሻለው አሮጌውን ሥርዓተ ክወና ከኢንተርኔት በተለየ ምናባዊ ማሽን ውስጥ ማቆየት ነው።

አምስተኛ፣ ማረጋገጥ። ፕሮግራሙ ተከፈተ ማለት ሂሳቡ ዳነ ማለት አይደለም። የሂሳብ ሚዛኑ በመጨረሻ ከታተመው ጋር፣ የባንክ መዝገቡ ከባንክ መግለጫ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ቀናት ግብይቶች ከወረቀት ማዘዣዎች ጋር አንድ በአንድ ይመሳከራሉ።

ማሳያ

ለማብራራት ያህል በተራራው ግርጌ የሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት ይታሰብ። ሰኔ 29 ቀን ከቀትር በኋላ የሂሳብ ሠራተኛዋ ለአቅራቢ የተከፈለ 46,000 ብር በመመዝገብ ላይ ሳለች መብራት ይጠፋል። በማግስቱ ፕሮግራሙ ቁጥር 2ን አሳይቶ ይወድቃል። ጠጋኙ የዳታ ማረጋገጫውን ያሠራል፤ መሣሪያውም ዝርዝር የሌለውን የግብይት ራስ ያስወግዳል፤ ፕሮግራሙ ይከፈታል። የሂሳብ ሚዛኑ ዴቢትና ክሬዲት እኩል ነው፤ ሁሉም ደስ ይለዋል።

በሐምሌ የባንክ መግለጫው ሲመጣ ግን በመዝገቡ ያለው የባንክ ሂሳብ 318,500 ብር፣ በመግለጫው ያለው 272,500 ብር ሆኖ ይገኛል። 46,000 ብር ከባንክ ወጥቷል፤ በመዝገብ ግን ወጪው የለም። ሚዛኑ እኩል የሆነው ዴቢቱም ክሬዲቱም አብረው ስለጠፉ ነው። ሚዛን መግጠሙ መዝገቡ ሙሉ ለመሆኑ ማረጋገጫ እንደማይሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። የሰኔ 29ኙ መልእክት ካልተመዘገበ፣ ከጥገናው በፊት የነበረው ዳታ ካልተቀዳ፣ ሠራተኛዋ የምታቀርበው የወረቀት ማዘዣውን ብቻ ነው። ማዘዣው ከጠፋ ደግሞ የምታቀርበው ነገር አይኖርም።

ሌላም ረቂቅ ሁኔታ አለ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሠራ አሮጌ ፕሮግራም በፕሮግራም ፋይልስ ማኅደር ውስጥ ለመጻፍ ሲሞክር ሥርዓተ ክወናው ጽሑፉን በስውር ወደ ተጠቃሚው የግል ማኅደር፣ ቨርቹዋልስቶር ወደሚባለው ስፍራ ያዞረዋል። ዳታው በዚያ የተቀመጠ ከሆነ ሁለት ሰዎች በአንድ ኮምፒውተር ላይ በየራሳቸው መግቢያ ሲሠሩ ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ሊፈጠሩ ይችላሉ። ጠጋኙ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ሲከፍተው የሳምንታት ሥራ «ጠፍቶ» ያገኘዋል። ሥራው ግን አልጠፋም፤ በሌላ ማኅደር ተቀምጧል። ይህን የማያውቅ ኦዲተር መዝገብ ሆን ተብሎ ተሰርዟል ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ከውጭው ዓለም የሚገኝ ትምህርት

የዚህን ስሕተት ዋጋ እንግሊዝ በከባድ ሁኔታ ተምራዋለች። በዚያ አገር ፖስታ ቤት ሆራይዘን የተባለው የሂሳብ ሥርዓት ያሳየውን ጉድለት መሠረት በማድረግ ከ1999 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ፖስታ ቤት ኃላፊዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰተኛ ሂሳብ ወንጀሎች ጥፋተኛ ተብለዋል። የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2019 በሰጠው ፍርድ ሥርዓቱ የሂሳብ ጉድለት ሊፈጥሩ የሚችሉ ስሕተቶች እንደነበሩበት አረጋገጠ፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የ39 ሰዎችን ጥፋተኝነት ሻረ፤ በ2024 ደግሞ የቀሩትን በጅምላ የሚሽር ሕግ ወጣ። ከመካከላቸው ስማቸው ሳይመለስ የሞቱም ነበሩ።

ያረጀ የፋይል ዓይነትም እንዲሁ ዝም ብሎ ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጸው በዚያው አገር 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊ ሪፖርት የቀሩት የአሮጌው ኤክሴል ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ መያዝ ስለማይችል ነበር። አዲሱ የፋይል ዓይነት የሚይዘው 1,048,576 ረድፍ ነው። በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙ አልወደቀም፤ የተረፈውን ብቻ ቆረጠ። ሲወድቅ የሚጮህ ፕሮግራም ዝም ብሎ ከሚቆርጠው ይሻላል።

ማጠቃለያ

ያረጀ ሶፍትዌርን መተካት ተገቢ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን አቅሙ እስኪፈጠር ድረስ ብዙ ጽሕፈት ቤቶች በአሮጌው መቀጠላቸው አይቀርም። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተደነገገው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ግዴታ መዝገቡ የሚያዝበት ፕሮግራም በማርጀቱ አይላላም። ስለዚህ ሦስት ነገሮች በጽሕፈት ቤት ደረጃ ሊለመዱ ይገባል። አንደኛው፣ እያንዳንዱ መውደቅ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ መልእክቱና የተወሰደው እርምጃ የሚጻፍበት የብልሽት መዝገብ መያዝ ነው። ሁለተኛው፣ ከማንኛውም ጥገና በፊት የነበረውን ዳታ ሳይነኩ ማስቀመጥ ነው። ሦስተኛው፣ ወሩ ሲያልቅ የሂሳብ ሚዛኑንና የባንክ ማስታረቂያውን አትሞና አስፈርሞ ማኖር ነው።

ለኦዲተሮችና ለተመራማሪዎች የሚቀረው ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው፦ በኮምፒውተር መዝገብና በባንክ መካከል ልዩነት ሲገኝ የመጀመሪያው ምርመራ በሰው ላይ ከመጀመሩ በፊት ማሽኑ ምን እንደመሰከረ ተጠይቋል ወይ? የብልሽት መዝገብ በሌለበት ቤት ይህን ጥያቄ መመለስ አይቻልም። አንድ ባለ ሃምሳ ገጽ ደብተርና በየወሩ የሚታተሙ ሁለት ወረቀቶች ግን የሂሳብ ሠራተኛን ስም ለመጠበቅ ይበቃሉ።